ማርቲን ሽክሬሊ የታሰረው በምንድን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ ማርቲን ሽክሬሊ ልናገር መሆኔን የሰሙ ሰዎች አብዛኞቹ የሰጡኝ መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «መድኃኒት ላይ ያንን ሁሉ ዋጋ የቆለለው ሰውዬ አይደል? እሰየው! ታሰረ አይደል እንዴ?» ዋጋ መቆለሉ እውነት ነው፤ መታሰሩም እውነት ነው። ሐሰቱ ያለው ሁለቱን በሚያያይዘው ሐሳብ ላይ ነው። ሽክሬሊ ወኅኒ የወረደው ሕዝቡ ስሙን ከመስማቱ ከዓመታት በፊት በፈጸመው፣ አንድም በሽተኛ በሌለበት፣ ገንዘባቸውን በአደራ ከሰጡት ባለሀብቶች ጋር በተያያዘ ጉዳይ ነው። ይህ መደበላለቅ እንደ ተራ የመረጃ ስህተት የሚታለፍ አይመስለኝም፤ የጠላነውን ድርጊት ሕግ የቀጣልን ከመሰለን፣ ያው ድርጊት ማንም ሳይነካው መቀጠሉን ልብ ሳንል እንቀራለን። የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ከዋጋው ልጀምር። በኦገስት 2015 ሽክሬሊ የሚመራው ቱሪንግ ፋርማሲዩቲካልስ የተባለ ኩባንያ ዳራፕሪም የተሰኘውን መድኃኒት በአሜሪካ የመሸጥ መብት በ55 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ወዲያውም የአንዷን ፍሬ ዋጋ ከ13 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወደ 750 ዶላር ሰቀለው። ከሃምሳ አምስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የነበረ፣ የፈጠራ መብት ጥበቃው ካበቃ ብዙ ዘመን ያለፈው፣ በተለይ በኤች አይ ቪ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችን አንጎል ለሚያጠቃው ቶክሶፕላዝሞሲስ ለተባለ በሽታ የሚታዘዝ ነው። በመካከላችን በዕድሜ ጠና ያላችሁ፣ ወይም በጤና ጣቢያ የሠራችሁ፣ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዳራፕሪም ውስጥ ያለው ፒሪሜታሚን ኢትዮጵያ በ2004 ለወባ ወደ ኮአርተም እስክትሸጋገር ድረስ በየጤና ጣቢያው ይሰጥ ከነበረው ከፋንሲዳር ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ያ እንክብል ኒው ዮርክ ላይ 750 ዶላር ይጠራል ብሎ ያሰበ ጤና ረዳት የነበረ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። 13 ዶላር ከ50 የተባለው ዋጋም ቢሆን የመጀመሪያው ዋጋ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዷ ፍሬ አንድ ዶላር ገደማ ነበረች፤ ባለቤቱ በተቀያየረ ቁጥር ዋጋው ሲወጣ ድምፁን ያሰማ ሰው አልነበረም። ሽክሬሊ ራሱ ከዚያ በፊት ሬትሮፊን በተባለው ኩባንያው ሳለ፣ በ2014፣ ለኩላሊት ጠጠር በሽታ የሚሰጠውን ታዮላ የተባለ መድኃኒት ከአንድ ዶላር ከ50 ወደ 30 ዶላር አድርሶታል፤ ያኔም ጋዜጦች ዝም ብለዋል። በዚያው በ2015 መጀመሪያ ደግሞ ቫሊያንት የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ሁለት የልብ መድኃኒቶችን በገዛበት ዕለት የአንዱን ዋጋ በ525 በመቶ፣ የሌላውን በ212 በመቶ ጨምሯል። በዚህ ጭማሪ ማንም አልታሰረም፤ ሊታሰርም አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም በአሜሪካ ሕግ አንድ ኩባንያ ለመድኃኒቱ የፈለገውን ዋጋ ማውጣቱ በራሱ ወንጀል አይደለም። ሽክሬሊ ከሌሎቹ የተለየው፣ እነሱ በጠበቃና በሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ጀርባ ተሸሽገው ያደረጉትን እሱ በትዊተር እየሳቀ በማድረጉ ነው።

ታዲያ መደበላለቁ ከየት መጣ? ከቀን መቁጠሪያው ነው። የዋጋው ጭማሪ ዜና የሆነው በሴፕቴምበር 2015 ነው። በዲሴምበር 17 ቀን ማለዳ የፌዴራል መርማሪዎች ያዙት፤ ባለ ኮፍያ ግራጫ ሹራብ ለብሶ በመርማሪዎች ታጅቦ ሲሄድ የተነሳው ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታተመ። በሁለቱ ዜናዎች መካከል ያለፈው ሦስት ወር ነው፤ ፎቶግራፉን ያየ ሰው ሁለተኛውን የመጀመሪያው ውጤት አድርጎ መውሰዱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ የብሩክሊን የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ከሬትሮፊን ሰነድ እንዲቀርብለት ያዘዘው በ2015 መጀመሪያ፣ ማለትም ዳራፕሪም ከመገዛቱ ከወራት በፊት ነበር። ሰውየው የመድኃኒቱን ዋጋ ሳይነካ ቢኖር ኖሮ እንኳ ምርመራው ተጀምሯል።

ፍርድ ቤቱ ራሱ ከዚህ መደበላለቅ ጋር ታግሏል። በጁን 2017 ጁሪ፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ሲመረጥ ዳኛ ኪዮ ማትሱሞቶ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ዕጩዎችን ለማሰናበት ተገደዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ገና ክሱ ሳይነበብላቸው «ይህን ሰው በገለልተኝነት ልዳኝ አልችልም» ብለው የቀረቡ ናቸው፤ ምክንያታቸውም በአብዛኛው መድኃኒቱ ነበር። ዳኛዋ የዋጋው ጉዳይ የክሱ አካል ስላልሆነ በችሎቱ ውስጥ መሪ ሐሳብ እንዳይሆን አጥብቀው ወሰኑት። ስለዚህ ለሳምንታት በዘለቀው ሙግት ውስጥ ዓለም የሚያወራበት ነገር፣ ፍርድ ቤቱ ውስጥ የማይወራበት ነገር ሆነ። ይህን በምስጋና ነው የምናገረው፤ ተከሳሹን የማይወዱ ሰዎች ከበው እያዩት ክሱን በክስነቱ ብቻ መዳኘት ቀላል ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንግባ፤ ምክንያቱም «በዋጋው አልታሰረም» ያለ ሰው ቀጥሎ «እንግዲያውስ በትንሽ ነገር ሰበብ ፈልገው አሰሩት» ወደሚለው ሁለተኛ ስህተት በቀላሉ ይሻገራል። በትንሽ ነገር አልታሰረም። ሽክሬሊ በሃያዎቹ ዕድሜው ኤምኤስኤምቢ ካፒታል የተባለ የኢንቨስትመንት ፈንድ ያስተዳድር ነበር። የእንዲህ ያለ ፈንድ ሥራ የሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ በአክሲዮን ገበያ ላይ ማዋል፣ የፈንዱን ትርፍና ኪሳራ በየጊዜው ማሳወቅ፣ ገንዘቤን መልስልኝ ላለ ደግሞ መመለስ ነው። ገንዘቡን ለማስገባት ያሰበ አንድ ባለሀብት ፈንዱ ምን ያህል ሀብት እንደሚያስተዳድርና ኦዲተር እንዳለው ሲጠይቀው፣ 35 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስተዳድርና ገለልተኛ ኦዲተርም እንዳለው ነገረው። ኦዲተር አልነበረም። በፈንዱ ሂሳብ የነበረው ገንዘብም 1 ሺህ ዶላር አይሞላም ነበር።

በፌብሩዋሪ 2011 ደግሞ ኦሬክሲጀን በተባለ የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ሠሪ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ትልቅ ውርርድ ገባ። ውርርዱ፣ አክሲዮኑ ይወድቃል ብሎ በእጅ የሌለ አክሲዮን አስቀድሞ ሸጦ በኋላ በርካሽ ገዝቶ ለማስረከብ የሚደረገው ዓይነት ነው። ዋጋው ሳይወድቅ ቀረ፤ አክሲዮኑን ገዝቶ ማስረከብም አልቻለም። ፈንዱ ባዶ ቀርቶ ግብይቱን ላካሄደለት ደላላ፣ ለሜሪል ሊንች፣ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ባለዕዳ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ያለው ኪሳራ ነው፤ መክሰር ደግሞ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ የተፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንቨስተሮቹ ገንዘባቸው እያደገ መሆኑን የሚገልጽ ሪፖርት በኢሜይል ይደርሳቸው ነበር። ሽክሬሊ ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ኤምኤስኤምቢ ሄልዝኬር የተባለ ሁለተኛ ፈንድ ከፍቶ ከሌሎች ሰዎች ገንዘብ ሰብስቧል። በ2012 ፈንዶቹን ልዘጋ ነው፣ ድርሻችሁን በጥሬ ገንዘብ ወይም በሬትሮፊን አክሲዮን ውሰዱ ብሎ ሲጽፍላቸው የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። አንድ ኢንቨስተር በየወሩ የሚደርሰውን ያንን ሪፖርት ከፍቶ ቁጥሩን አይቶ፣ ደስ ብሎት፣ ዘግቶ ወደ ሥራው ሲመለስ እስቲ አስቡት። ያ ቁጥር የተጻፈው ምንም ነገር ተቆጥሮ አልነበረም።

በኦገስት 4 ቀን 2017 ጁሪው ከስምንት ክሶች በሦስቱ ጥፋተኛ ብሎታል፤ ሁለቱ በሁለቱ ፈንዶች ኢንቨስተሮች ላይ የተፈጸመ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ማጭበርበር፣ ሦስተኛው የሬትሮፊንን አክሲዮን የገበያ ዋጋ ለመቆጣጠር ከሌላ ሰው ጋር ማሴር። በአምስቱ ነፃ ነው። ነፃ ከተባለባቸው መካከል ዋናው፣ የሬትሮፊንን ገንዘብና አክሲዮን አውጥቶ የድሮ ኢንቨስተሮቹን ዕዳ ከፍሏል የሚለው ነበር፤ ስለዚህ «ኩባንያውን ዘርፎ ታሰረ» የሚሉትም ልክ አይደሉም። ዐቃቤ ሕግ እንዲህ ብሎ ከስሷል፤ ጁሪው ግን አልተቀበለውም።

ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደው፣ በሕግ ባለሙያዎች መካከል ሳይቀር የሰማሁት ግንዛቤ «ማንም አልከሰረም፤ እንዲያውም አተረፉ» የሚለው ነው። ይህ አባባል ከአየር የመጣ አይደለም። ከፈንዱ በሬትሮፊን አክሲዮን የተካሱት ኢንቨስተሮች ኩባንያው በገበያ ላይ ዋጋ ሲያወጣ ብዙ እጥፍ አግኝተዋል፤ ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው የመጀመሪያ ምስክሮች አንዷ 300 ሺህ ዶላር አስገብታ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ይዛ ወጥታለች። የተከሳሹ ጠበቃ ቤንጃሚን ብራፍማንም ሙሉ መከላከያቸውን የገነቡት በዚህ ላይ ነበር፤ ያለ ከሳሪ ምን ዓይነት ማጭበርበር አለ? የሚል ነው። ጥያቄው የሚያታልል ጥያቄ ነው። የዕቁባችሁን ገንዘብ የሚይዘው ሰው ገንዘቡን በሙሉ በውርርድ ከጨረሰ በኋላ «ባንክ አለ» እያለ አንድ ዓመት ሙሉ ቢዋሻችሁ፣ ኋላም ከሌላ ሥራው አግኝቶ ከነጭማሪው ቢመልስላችሁ፣ ታመሰግኑት ይሆናል፤ ዳግመኛ ግን ዕቁብ እንዲይዝ አትመርጡትም። ሕጉ የሚመለከተው ገንዘቡ በወጣበት ቅጽበት ነው። ባለገንዘቡ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ላይሰጥ፣ ወይም የሰጠውን ወዲያው ሊያስመልስ ይችል ነበር፤ ያንን የመወሰን ዕድል በውሸት ነጥቆታል። ኋላ ላይ ጥሩ ነገር መሆኑ የተነጠቀውን አይመልስም። ዳኛ ማትሱሞቶ ቅጣቱን ለመመዘን የጉዳቱን መጠን 10.4 ሚሊዮን ዶላር ያደረሱትም በዚህ አስተሳሰብ ነው፤ «ጉዳቱ ዜሮ ነው» የሚለውን ክርክር ውድቅ አድርገዋል።

ይህን ነጥብ ያለ ምክንያት አላስረዘምኩትም። ኢትዮጵያ በ2021 የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248ን አውጥታለች፤ በ2025 መጀመሪያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያዋን ከፍታለች። ከዚያም በፊት ቢሆን ገና በምሥረታ ላይ ላለ ባንክ ወይም ኩባንያ አክሲዮን የገዛን ሰዎች ጥቂት አይደለንም፤ ብዙዎቻችንም የገዛነው በወረቀቱ ላይ በሰፈረው ቁጥር ሳይሆን በሚያውቁን ሰዎች ቃል ነው። የትርፍ ድርሻ እስከተከፈለ ድረስ ሂሳቡን ማን እንደመረመረው የሚጠይቅ ሰው በየጉባኤው ነገር ፈላጊ ተደርጎ ሲታይ አይቻለሁ።

ተመሳሳይ መደበላለቅ በሌላም ይታያል። ቴራኖስ የተባለውን የደም ምርመራ ኩባንያ የመሠረተችው ኤልዛቤት ሆምስ የታሰረችው በተሳሳተ የደም ምርመራ ሕመምተኞችን ስለጎዳች ነው ብሎ የሚያምነው ሰው ብዙ ነው። በጃንዋሪ 2022 ጁሪው ጥፋተኛ ያላት ኢንቨስተሮችን በማታለል ነው፤ ሕመምተኞችን አታለለች በተባለባቸው ክሶች ነፃ ወጥታለች። በእሷም ሕዝቡን ያስቆጣው ነገርና ጁሪው ያጸናው ነገር አንድ አልሆኑም።

ስለ ቅጣቱ ደግሞ ባጭሩ። በማርች 9 ቀን 2018 የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዐቃቤ ሕግ ቢያንስ 15 ዓመት ጠይቆ፣ መከላከያ ከ12 እስከ 18 ወር ይበቃል ብሎ ነበር። እሱ ግን ከዚያ በፊት፣ በሴፕቴምበር 2017፣ ዋስትናውን አጥቶ ገብቷል፤ የሂላሪ ክሊንተንን ፀጉር ከነሥሩ ላመጣልኝ 5 ሺህ ዶላር እከፍላለሁ ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ በመጻፉ ነው። ይህም ሌላ የተሳሳተ ወሬ ወልዷል፤ በጽሑፉ «ተፈረደበት» የሚሉ አሉ። በጽሑፉ የጠፋው ዋስትናው ነው። 7.36 ሚሊዮን ዶላርም እንዲወረስበት ተወስኗል፤ በዓለም ላይ በአንድ ቅጂ ብቻ የተሠራና እሱ በሁለት ሚሊዮን ዶላር የገዛው የሙዚቃ አልበም ሳይቀር በ2021 መንግሥት ሸጦታል። በሜይ 2022 ከወኅኒ ሲወጣ «በገንዘቡ አስፈታ» የተባለውም መሠረት የለውም፤ በፌዴራል እስር ቤት በመልካም ጠባይና በሥልጠና የሚቀነሰው ጊዜ ሕጉ ለሚፈቅድላቸው እስረኞች ሁሉ የሚታሰብ ነው። ይልቁንም በ2020 የኮሮና መድኃኒት ምርምር ልሥራ፣ ልቀቁኝ ብሎ አመልክቶ ተከልክሏል።

አሁን የሚከተለው ታሪኩን ሁለተኛ ጊዜ የሚያወሳስበው ነው። «ከመድኃኒት ሥራ ዕድሜ ልኩን ታግዷል፤ ስለዚህ ዞሮ ዞሮ በዋጋው ተቀጥቷል» የሚሉ አሉ። እገዳው እውነት ነው፤ ግን ከወንጀሉ ፍርድ ጋር አይገናኝም። በጃንዋሪ 2020 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በማንሃተን የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረቱ፤ ኋላም ሌሎች ክፍላተ ሀገራት ተቀላቀሏቸው፤ በጃንዋሪ 2022 ዳኛ ዴኒስ ኮት 64.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስና በመድኃኒት ኢንዱስትሪ ዕድሜ ልኩን እንዳይሠራ ወሰኑ። በዚህ ጊዜ ሰውየው እስረኛ ነበር። እዚህም ቢሆን ጥፋት የተባለው 750 ዶላሩ አልነበረም፤ ተወዳዳሪ እንዳይመጣ የተዘጋው በር ነበር።

በሩ እንዴት እንደተዘጋ ማየት ያስፈልጋል፤ በፋርማሲ የምትሠሩ ቶሎ ይገባችኋል። ጄኔሪክ መድኃኒት፣ ማለትም የፈጠራ መብቱ ያበቃን መድኃኒት አቻ፣ የሚያመርት ኩባንያ የራሱ ምርት ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ዋናውን መድኃኒት በርከት አድርጎ ገዝቶ ማወዳደር አለበት። ዳራፕሪም ድሮ እንደማንኛውም መድኃኒት ከአከፋፋይ ይገዛ ነበር፤ የሽክሬሊ ኩባንያ ግን ከተወሰኑ አከፋፋዮችና ሆስፒታሎች ውጪ እንዳይሸጥ በውል አሰረው፤ አንድ ደንበኛ የሚገዛውን የጠርሙስ ብዛት ሳይቀር ገደበ። ተወዳዳሪው በሌላ በር ልግባ ቢል ደግሞ ጥሬ ዕቃው አለ፤ የፒሪሜታሚንን ዱቄት ከሚያመርቱት ጋር ለሌላ እንዳይሸጡ ውል ተፈራረመ። ከዚያም ገበያው ምን ያህል እንደሚያወጣ ማንም እንዳያውቅ፣ አከፋፋዮቹ የሽያጭ መረጃውን ለገበያ ጥናት ድርጅቶች እንዳይሸጡ ከፈላቸው። ዋጋውን መስቀል አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ዋጋውን ለዓመታት በሰቀሉበት ማቆየት ግን ይህን ሁሉ ድካም ይጠይቃል። የሕግ ጥሰቱ የተገኘው በዚህ ድካም ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጄኔሪክ የተፈቀደው በፌብሩዋሪ 2020 ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ለሆስፒታሎች ከተደረገው ቅናሽ በቀር፣ የታወጀው ዋጋ 750 እንደሆነ ቆይቷል፤ ሰውየው ሲታሰርም፣ ሲፈረድበትም አልወረደም። «ሲታሰር መድኃኒቱ ረከሰ» የሚለው ወሬ ከሁሉም ወሬ የሚገርመኝ ለዚህ ነው።

ሽክሬሊን ከነጥላቻው የሚከላከሉለትም አሉ፤ ፍርዱ በሕዝብ ቁጣ የተሰጠ ነው ይላሉ። ጁሪው በአምስት ክሶች ነፃ ማለቱ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2019 ፍርዱን ማጽናቱ ይህን ለማመን ያስቸግራል። ሆኖም ስለ ቅጣቱ ርዝመት ሲከራከሩ እሰማቸዋለሁ፤ በገንዘብ መጠን ብቻ ቢመዘን ቅጣቱ ከበድ ያለ ነው የሚል ሰው የሚያቀርበው ክርክር አይጠፋውም። እኔ በበኩሌ በችሎት ከታየው ይልቅ የማይገባኝ፣ ከሱ ጋር በዚያው ዓመት ዋጋ የሰቀሉትን የኩባንያ መሪዎች ስም ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንም ሊጠራልኝ አለመቻሉ ነው።

ዛሬ ያለበትን ሁኔታ በትክክል ለመናገር ያህል፦ የወንጀል ቅጣቱን ፈጽሟል። በአሜሪካ በአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ኃላፊ ወይም የቦርድ አባል እንዳይሆን በ2022 በፍርድ ቤት ታግዷል። የመድኃኒት ኢንዱስትሪው እገዳና 64.6 ሚሊዮን ዶላሩ በ2024 መጀመሪያ በይግባኝ ጸንተው፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም ብሏል። ከዚህ ውጪ ባለ ማናቸውም ሥራ መሰማራት፣ መናገርና መጻፍ ይችላል፤ እያደረገም ነው። የአንድን አሮጌ መድኃኒት መብት ገዝቶ ዋጋውን በማግሥቱ ሃምሳ እጥፍ ማድረግን በተመለከተ ግን፣ እሱ ታገደ እንጂ ድርጊቱ አልታገደም፤ በ2022 የወጣው ሕግ ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ በተመረጡ መድኃኒቶች ዋጋ ላይ እንዲደራደር ቢፈቅድም፣ ነገ ጠዋት ይህንኑ የሚያደርግ ኩባንያ በር ሳይዘጋ እስከሆነ ድረስ በፌዴራል ሕግ በወንጀል የሚከሰስበት አንቀጽ የለም።